በሚኒባስ ተሳፍሬ ተጎዳሁ፤ ሽማግሌዎች ፈርሚ እያሉኝ ነው፤ ካሳ የምጠይቀው ማንን ነው?

የሉማሜ ልብስ ሰፊ

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ጨርቅ ልገዛ በሚኒባስ ስሄድ አደጋ ደረሰብን። ሹፌሩ ከፊቱ የነበረውን ጋሪ ሊቀድም ወደ ግራ ሲወጣ ከማርቆስ ይመጣ ከነበረ አይሱዙ ጋር በጎን ተላተመና ቦይ ውስጥ ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። እኔ ግን ቀኝ እግሬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ብረት ገብቶለታል። ጄሶው ከተፈታ ቆይቷል፤ እብጠቱ ማታ ማታ ይመለሳል፣ እግሬም እንደ ድሮው አይታጠፍም። የምተዳደረው በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ነው። መርገጫውን በግራ እግሬ ብቻ ልገፋ ስሞክር መንኮራኩሩ ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን ይበጥስብኛል። የዩኒፎርም ሥራ ተቀብዬ የነበረውን ለሌላ ሰው አስተላልፌያለሁ።

የሚኒባሱ ባለቤት ሰው አክባሪ ነው። ሆስፒታል መጥቶ ጠይቆኛል፤ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ወጪም ችሏል። አሁን ሽማግሌ ይዞ መጥቷል። 30,000 ብር ሊሰጠኝ፣ እኔም «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል ወረቀት ልፈርምለት ነው። ሽማግሌዎቹ ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው፤ እንቢ ማለት ከብዶኛል። ሹፌሩም የልጆች አባት ነው፤ በእኔ ምክንያት እንዲታሰር አልፈልግም።

መጠየቅ የምፈልገው ይህን ነው። ብፈርም ምን እከስራለሁ? ካሳ የሚከፍለው ሹፌሩ ነው፣ ባለቤቱ ነው፣ ወይስ ኢንሹራንሱ? የአይሱዙው ወገንስ ከጉዳዩ የለበትም?

ከደምበጫ

እህቴ፣ እግርሽ ምን እንደሚሆን ሐኪም በጽሑፍ ሳይነግርሽ አትፈርሚ። ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩሽ፤ ይህን ግን ዛሬውኑ ያዢ።

ጠበቃ ከማርቆስ

እግዚአብሔር ይማርሽ። ከወረቀቱ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው።

ሁለት ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት ሲጨርሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያንን ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያየዋል። ያለሽው ቃል ከተጻፈና ከፈረምሽ በኋላ እግርሽ ቢብስ፣ ብረቱ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢፈልግ፣ ሥራሽን ጨርሶ ብትተዪ፣ ፍርድ ቤት ስትሄጂ መጀመሪያ የሚቀርብብሽ ያ ወረቀት ነው። ለማስፈረስ መንገድ አለ፤ ግን ጠባብና አድካሚ ነው። ኢንሹራንሱም «ከደንበኛዬ ጋር ጨርሳለች» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ኃላፊነቱ ማን ላይ ነው ላልሽው፣ ሹፌሩ በጥፋቱ ይጠየቃል። ባለቤቱ ደግሞ አጓዥሽ ነው። ሒሳብ ከፍለሽ ስትሳፈሪ የማጓጓዝ ውል ገብታችኋል፤ ቲኬት ባይቆረጥልሽም አብረውሽ የተሳፈሩ ሰዎች መስክረው ይረጋገጣል። በደህና ሊያደርስሽ ግዴታ ነበረበት። ኢንሹራንሱ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ያለውን ይህን ዕዳ እስከ አንድ መጠን ድረስ ተሸካሚ ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው ካሳ በሙሉ ከዚያ ደግ ሰው ኪስ የሚወጣ አይደለም። በየዓመቱ ዐረቦን ሲከፍል የኖረው ለዚህች ቀን ነው።

ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ከሚገባ መድን ውጭ፣ መንገድ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በወጣ ደንብ ከፍ ተደርጓል። በአደጋው ቀን የጸናውን ጣሪያ ኢንሹራንሱ በጽሑፍ እንዲነግርሽ ጠይቂ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ያ ጣሪያ የኢንሹራንሱ ጣሪያ ነው እንጂ የጉዳትሽ ዋጋ አይደለም። ጉዳትሽ ከዚያ በልጦ ከተረጋገጠ ቀሪው ከኃላፊዎቹ ይጠየቃል።

ስለ እስር ያልሽውን በተመለከተ፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የወንጀል ክሱን የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ነው። አንቺ ስለ ፈረምሽ አይቆምም፣ ካሳ ስለ ጠየቅሽም አይብስም። እንዲያውም የተጎዳውን መርዳትና ጉዳቱን መካስ በወንጀል ሕጉ ቅጣት የሚያቀል ምክንያት ነው። በአግባቡ ካሳ መጠየቅሽ ለሹፌሩ ክፋት ማሰብ አይደለም።

የአይሱዙውን ነገር እመለስበታለሁ፤ ሰፊ ነው። እስከዚያው የሁለቱንም መኪኖች ታርጋና የመድን ኩባንያ ስም ያዢ።

የአዋበል አባት

ልጄ፣ እኔ በሽምግልና ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። እዚህ የሚጽፉት ልጆች ሕጉን ያውቁታል፤ አገሩን ግን አይርሱት። ከባለመኪናው ጋር ነገም በአንድ ገበያ ትውያላችሁ፣ በአንድ ደብር ትሳለማላችሁ። ፍርድ ቤት ስትመላለሺ እግርሽ ይበልጥ ይጎዳል፤ ለጠበቃው የምትከፍዪው ከምታገኚው ይበልጣል። የቀረበልሽ ገንዘብ ዛሬ እጅሽ ይገባል። ሰውየው አጥፍቶ የሸሸ አይደለም፤ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቋል። የእርቅን ነገር እንዲህ በአንድ ቃል «አትፈርሚ» ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም።

የቢቸና መምህር

አባታችን፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እርቁን ማንም አላጣጣለም። ነገር ግን እርቅና ካሳ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ቂም እንዳይኖር መታረቅ ተገቢ ነው፤ ይህች ልጅ ቂም እንደሌላት ራሷ ጽፋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ይቅርታ አይደለም፤ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሊከፍል የሚገባውን ዕዳ በ30,000 ብር መሰረዝ ነው። በዚህ ማን ተጠቀመ? ባለመኪናው ከኪሱ ከፍሎ ከሰረ፤ ልጅቷ እግሯን ይዛ ቀረች፤ ያተረፈው ዐረቦኑን የሰበሰበው ኩባንያ ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ሽማግሌ የገባበት ነገር የሚከበረው ሽማግሌው የሁለቱንም ወገን ጉዳት መዝኖ ስለሚፈርድ ነው። ገና ያልዳነ እግር እንዴት ይመዘናል? የአጎቴ ሚስት በእንዲህ ዓይነት እርቅ ፈርማ ከወራት በኋላ ዳሌዋ እንደገና በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። ለሁለተኛው ሕክምና ላም ተሸጧል። እርስዎም ያንን ቢያዩ ኖሮ ሌላ ወረቀት ያጽፉ ነበር።

የአዋበል አባት

የላሟን ነገር ስሰማ አዘንኩ። እንግዲህ ወረቀቱ በሌላ መንገድ የሚጻፍ ከሆነ፣ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሆነ ያሳየን። ሽማግሌም ይማራል።

ጠበቃ ከማርቆስ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህ ቅን ጥያቄ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ቢጻፍ ሁሉንም ያስማማል፦ «ሁለቱ ወገኖች ቂም ትተው ታርቀዋል። ባለንብረቱ ለሕክምናና ለመተዳደሪያ እርዳታ ይህን ያህል ብር ሰጥቷል። ገንዘቡ ወደፊት በሚወሰነው ካሳ ላይ ይታሰባል። ተጎጂዋ ከአደጋው የሚመነጨውን ቀሪ ካሳ ከመድን ሰጪዎችና ከማንኛውም ኃላፊ የመጠየቅ መብቷ እንደተጠበቀ ነው።» በዚህ እርቁም ይጸናል፣ መብቷም አይጠፋም፤ ባለመኪናው የከፈለው ገንዘብም ከንቱ አይቀርም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የመድን ውሎች ብዙ ጊዜ መድን የገባው ሰው ኩባንያውን ሳያስፈቅድ ኃላፊነትን እንዳያምን ወይም ካሳ ለመክፈል እንዳይስማማ ይከለክላሉ። ስለዚህ ባለመኪናው ከመፈረሙ በፊት ኢንሹራንሱን ያማክር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል ወረቀቱ ውስጥ ባይገባ ለእሱም ይሻለዋል።

ባለ ሚኒባስ ከፍኖተ ሰላም

እኔ መኪና አለኝና ከዚያኛው ወገን ልናገር። ባለንብረት ወደ ሽማግሌ የሚሮጠው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መኪናው ፖሊስ ግቢ ቆሟል፣ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ነገሩ ቶሎ ካላለቀ ሥራ የለም። ኢንሹራንስ ካስነሳሁ ዐረቦኑ ይጨምርብኛል ብሎም ይፈራል። ብዙዎቻችን የሦስተኛ ወገን መድን ቦሎ ለማግኘት የሚከፈል ግዴታ እንጂ ለተሳፋሪ የሚከፍል አይመስለንም።

ስለዚህ ሰውየውን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪው። አደጋውን ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳውቆ እንደሆነ ጠይቂው። ማሳወቅ የእሱ ግዴታ ነው፤ ካዘገየ ኩባንያው እሱን ተጠያቂ የሚያደርግበት ሰበብ ያገኛል። ካላሳወቀ አንቺው በማመልከቻ አሳውቂና ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስደርጊበት።

ነርስ ነኝ

የብዙ ሰው ካሳ የሚበላሸው ሐኪም ቤት ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

አደጋ የደረሰበት ሰው ሲመጣ አስቸኳይ ሕክምና መስጠት ግዴታ ነው፤ ይህንን የመድን አዋጁም ይደነግጋል። ወጪውም አዋጁ እስከሚፈቅደው መጠን ከመድኑ የሚሸፈን ነው። ተጎጂው ገንዘብ ባይኖረው እንኳ በር ላይ ሊመለስ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ድርሻ ነው። ካርድ ቁጥራችሁን ያዙ። የራጅ ፊልሙን፣ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ ከግል መድኃኒት ቤት የገዛችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፌስታል አኑሩ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ በማኅተም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ከገጠር ለቀጠሮ የምትመጡ ሰዎች የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪያችሁን፣ የአስታማሚውንም ጭምር፣ በቀኑ ጻፉት። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ካለፋችሁ ስትመጡ ለሐኪሙ ንገሩትና ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ባዶ ወራት ካሉ ተከራካሪው ወገን «ድና ነበር፤ ሕክምናም አቁማ ነበር» ይላል።

አንቺ እህቴ፣ ስለ እብጠቱ ለሐኪሙ ነግረሽዋል? ብዙ ሰው ሐኪም «እንዴት ነሽ?» ሲለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሐኪሙም «ታካሚዋ ደህና ናት» ብሎ ይጽፋል። ያች መስመር ፍርድ ቤት ትነበባለች። እብጠቱን፣ የማይታጠፈውን፣ ደረጃ ስትወርጂ የሚያምሽን፣ መርገጫውን መርገጥ አለመቻልሽን ዘርዝረሽ ተናገሪ።

ጡረታ የወጣሁ ትራፊክ

ጠበቃው ታርጋ ያዢ ያሉት ትክክል ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የምትጠይቂው የአደጋውን ሪፖርትና ፕላኑን ነው። ፕላኑ ላይ የመንገዱ ስፋት፣ የጎማ ምልክቱ፣ መኪኖቹ የተላተሙበትና የቆሙበት ቦታ ይታያል። የሁለቱም ሹፌሮች መንጃ ፈቃድ፣ የመኪኖቹ ታርጋ፣ የመድን ሰርተፊኬት ቁጥር መዝገቡ ውስጥ ይኖራል። ቃልሽን ስትሰጪ የት ወንበር ላይ እንደነበርሽና ምን እንዳየሽ ብቻ ተናገሪ። ስለ ፍጥነት «ሰማንያ ነበር» ብለሽ አትገምቺ፤ ፍጥነት መለኪያውን አላየሽውም። የተጎዳ ሰው መዝገብ ውስጥ ስሙ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በተለይ አምቡላንስ ቀድሞ ከወሰደው። ስምሽ መኖሩን በዓይንሽ አንብቢ።

የሉማሜ ልብስ ሰፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ እብጠቱ የነገርኩት የለም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናገራለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ እህቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ስሜ መዝገቡ ውስጥ አለ። የአይሱዙው ኢንሹራንስ ጋ ስንደውል ግን «ጥፋቱ የሚኒባሱ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» አሉን። የሚኒባሱ ኢንሹራንስ ደግሞ «የወንጀል መዝገቡ ውሳኔ ሳያገኝ አናስተናግድም» ይላል። ሁለቱ እየተገፋፉ እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ሹፌሩ ፍርድ ቤት ነጻ ቢወጣ ካሳዬም አብሮ ይቀራል ማለት ነው?

ጠበቃ ከማርቆስ

አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ዳኛ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲመረምር በወንጀል ችሎቱ የነጻ ውሳኔ አይታሰርም። የወንጀሉ መዝገብ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ተፈልጎ ይያያዛል፤ ግን መብትሽ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ወንጀሉ እስኪያልቅ እየጠበቁ ዓመታት የሚያልፉባቸው ሰዎች አሉ። ጊዜው ደግሞ ይሄዳል፦ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የክሱ የጊዜ ገደብ፣ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ አንቺ ግን በአጭሩ ተማመኚ። ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ መነጋገር ክስ ማቅረብ አይደለም።

አሁን ወደ አይሱዙው። እዚህ ላይ ተሳፋሪ ሆነሽ መጎዳትሽ አንድ ብርታት ይሰጥሻል፤ መሪውን የያዝሽው አንቺ ስላልሆንሽ «አንቺም አጥፍተሻል» የሚልሽ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ኃላፊ ነው ይላል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ ሁለቱ እኩል እንዳደረሱት ይገመታል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር መሆኑን ማስረዳት ያለበት እንዲህ ነው የሚለው ወገን ነው። ስለዚህ «እኛን አይመለከተንም» የሚለው የስልክ መልስ ውሳኔ አይደለም። የአይሱዙው ወገን ማስረጃ አቅርቦ ዳኛ ፊት ይረታ። ፕላኑ ሚኒባሱ ሙሉ በሙሉ በሌላው መስመር ላይ እንደነበር ካሳየ ሊሳካለት ይችላል፤ ይህን ከወዲሁ ማወቅ አለብሽ። ግን ያንን የመመዘን ሥራ የአንቺ አይደለም፤ ሁለቱንም ክሰሽ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ሌላ ምክንያት አለኝ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በማጓጓዝ ውል አጓዡ ለአንድ መንገደኛ የሚጠየቀውን በ40,000 ብር ገድቦታል። የ2013ቱ አዲሱ የንግድ ሕግ የማጓጓዝን ክፍል ስላልተካ ያ ድንጋጌ አሁንም ይጠቀሳል። በ1952 ብዙ የነበረ ገንዘብ ዛሬ ለአንድ ቀዶ ሕክምና አይበቃም፤ ያሳዝናል፣ ሊለወጥም ይገባዋል። አጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት እንደሚያስከትል እያወቀ ባደረገው ነገር ከሆነ ገደቡ ይነሣል፤ ማስረዳቱ ግን ከባድ ነው። ከአይሱዙው ባለቤት ጋር ውል የለሽም፤ ስለዚህ ያ ገደብ እሱን አይከልለውም። እሱን ከክሱ ማስቀረት ከዚህ አንጻር ትልቅ ኪሳራ ነው።

የቡሬው

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ወንድሜ በባጃጅ ተሳፍሮ ሳለ ከኋላ የገጫቸው መኪና ሳይቆም ሄደ። ሌሊት ስለነበር ታርጋውን ያየ የለም። ባጃጁም የመድን ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል። የሚጠየቅ የለም ተብለን ተቀምጠናል።

ጠበቃ ከማርቆስ

አለ እንጂ። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ገንዘቡ ከመድን ኩባንያዎች የሚሰበሰብ ነው። ቀድሞ የመድን ፈንድ አስተዳደር ኤጀንሲ ይባል ነበር፤ አሁን ከመንገድ ደህንነት ጋር ተዋህዶ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሆኗል። የፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ይዛችሁ ታመለክታላችሁ። የባጃጁ ባለቤትም መድን ስላልገባ ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም፤ በራሱ ንብረት ይጠየቃል። አደጋው ለፖሊስ ካልተመዘገበ ግን ነገ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

የሞጣ መንገደኛ

በእኛ መስመር የተለመደውን ልጨምር። በገበያ ቀን ሰው በአይሱዙ ላይ ጤፉ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። መምህርና ጤና ባለሙያ ደግሞ የመንግሥት መኪና ወይም የግል ፒካፕ ሲያገኝ በነጻ ይሳፈራል። እነዚህስ ተሳፋሪ ናቸው?

ጠበቃ ከማርቆስ

ጆንያ ላይ የተቀመጠው ሰው ሒሳብ ከከፈለ ተሳፋሪ ነው። የጭነት መኪና ሰው መጫኑ የባለመኪናው ጥፋት ነው። ኢንሹራንሱ «ለጭነት የገባ መድን ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ባለቤቱ ግን ያመልጣል ማለት አይደለም። ተጎጂው ራሱ አደጋውን እያየ የካቢን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከሆነ ዳኛው ካሳውን ሊቀንስበት ይችላል።

በነጻ የተሳፈረው ጠንከር ያለ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ባለመኪናው ያለ ምንም ጥቅም ደግ ውሎ ያሳፈረው ከሆነ ያለ ጥፋት የሚለው ኃላፊነት አይሠራም፤ የሹፌሩ ጥፋት መረጋገጥ አለበት። የመኪናው ረዳት ወይም ሌላ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሳለ ሲጎዳ ደግሞ ጉዳዩ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው።

የሉማሜ ልብስ ሰፊ

ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጥተው ነበር። ጠበቃው የጻፉትን አነበብኩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙት፣ ከዚያ ወደ ባለመኪናው ዞረው «ይህ አንተንም አይጎዳህም» አሉት። እሱም ኢንሹራንሱ እንደሚከፍል አላወቀም ነበር። ወረቀቱ እንደገና ተጽፎ፣ ኩባንያውን አማክሮ እንዲመለስ ተስማምተናል። ከገንዘቡ 10,000 ብር ለመተዳደሪያ ብሎ ሰጠኝ፤ በካሳው እንዲታሰብ ተጽፏል፣ እኔም የፈረምኩት ለተቀበልኩት ብቻ ነው።

አሁን የቸገረኝ ገቢዬን ማስረዳት ነው። የሒሳብ መዝገብ የለኝም። ግብር የምከፍለው በግምት ነው፤ የተገመተልኝ ገቢ በእውነት ከማገኘው ያንሳል። ደግሞም ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ አለ ይባላል፤ እሱን ከየት አመጣለሁ?

የቢቸና መምህር

የአዋበሉን አባታችንን አመሰግናለሁ። ሽማግሌ ጠይቆ ሲያስተካክል እንዲህ ነው የሚያምር።

ጠበቃ ከማርቆስ

የግብር ወረቀቱ እንደሚቀርብብሽ ተዘጋጂ፤ ዳኛ የሚነሣው ከእሱ ነው። ግን ብቸኛው ማስረጃ አይደለም። ዩኒፎርሙን ያዘዘሽ ትምህርት ቤት ወይም ሰው በጽሑፍ ይመስክርልሽ፤ ምን ያህል ልብስ፣ በስንት ብር። የሱቅ ኪራይ ውልሽ፣ ጨርቅ የገዛሽበት ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተርሽ ይያያዙ። አጠገብሽ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ስለ ሥራው ገቢ መመስከር ይችላል። የጉዳቱ ልክ በቁጥር ሊረጋገጥ በማይችልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲቆርጥ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የሚቆርጠው ግን ፊቱ ባለው ነገር ነው፤ ባዶ እጅሽን አትሂጂ።

ካሳው ያለፈውን ብቻ የሚያይ አይደለም። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም አሁኑኑ ይጠየቃል። ብረቱ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና፣ የሚቀንሰው የመሥራት ችሎታሽ፣ በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ ወደሚሠራ የስፌት መኪና መቀየር ካለብሽ የዚያም ዋጋ በክሱ ውስጥ ይግባ። ስለ ሕመምና ሐዘን የሚከፈለው የኅሊና ካሳ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ከ1952 ጀምሮ ገድቦታል። ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ እኔም ፍርድ ቤት ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። ኃይልሽን እዚያ ላይ አታድርጊ፤ በገቢና በሕክምና ማስረጃ ላይ አድርጊው።

የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል። ንብረትሽንና ገቢሽን በመሐላ ትገልጪያለሽ፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ይፈቅዳል። ክስ የሚጽፍልሽ ካጣሽ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በባሕር ዳር በኩል ላላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ፌስታሉን ይዘሽ ሂጂ፤ ወረቀት ተሟልቶ ሲመጣላቸው ሥራው ይፈጥናል።

የሉማሜ ልብስ ሰፊ

እሺ። የጉዳቱ መጠን በመቶኛ የሚባለውን ማነው የሚሰጠኝ? ሐኪሜ የሰጠኝ ወረቀት «ተሰብሮ ታክሟል» ብቻ ነው የሚለው።

ነርስ ነኝ

እሱ የሕክምና ቦርድ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሐኪሞች ተቀምጠው ያዩሻል። የሚታየው ሕክምናው ካለቀና አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ነው፤ ቀድመሽ ብትሄጂ «ገና ነው» ብለው ይመልሱሻል ወይም ጊዜያዊ ውጤት ይሰጡሻል። ከፖሊስ ወይም ከፍርድ ቤት በደብዳቤ ተጠይቆ ቢሆን ይመረጣል፤ በራስሽ ጥያቄ የወጣ ወረቀት ላይ ተከራካሪው ጥርጣሬ ያነሣል። ደብዳቤውን ተቀብለሽ ከመውጣትሽ በፊት ስምሽ ከካርድሽ ጋር አንድ ዓይነት መጻፉን፣ ቀኝ እግር መባሉን፣ የተጠየቀውም «ቋሚ የአካል ጉዳት በመቶኛ» መሆኑን አንብቢ። «የሕክምና ማስረጃ ይሰጣት» ብቻ ከሆነ የሚሰጡሽ አሁን እጅሽ ላይ ያለውን ዓይነት ወረቀት ነው።